ላስታ ላይ አሮጌ ዕቃ ስንት ያወጣል?

ወደ ላሊበላ ልንሄድ ሻንጣ በምናዘጋጅበት ሰሞን፣ እንግሊዝ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም አንድ ቪዲዮ ላከልን። ጭቃማ ሜዳ ላይ አሮጌ ትራክተሮች ተደርድረዋል። ቦት ጫማ ያደረጉ ሽማግሌዎች በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ጎማ ይነካካሉ፤ ጎንበስ ብለው የሞተር ቁጥር ያነባሉ። ከዚያ አጫራቹ ትንፋሽ ሳይወስድ ዋጋ መጥራት ጀመረ።

«ገዝተው ሊያርሱበት ነው?» አለች የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን።

«አይ፣ ሊያዩት ነው» አላት አባቷ።

ጥቂት አሰበችና «አባባ ያርሱበት የነበረውስ ስንት ያወጣል?» ብላ ጠየቀች። አባባ የምትላቸው የእኔን አያት ነው። በፎቶግራፍ ብቻ ነው የምታውቃቸው፤ ያርሱ የነበረውም በሁለት በሬ ነው። ቀንበራቸው የት እንደደረሰ ማንም አልጠየቀም። ምናልባት ማገዶ ሆኖ ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ላስታን ሙሉ አብሮን ዞረ። እርስዎም ቤተሰብዎን ይዘው ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ይዘውት ቢሄዱ አይከብድዎትም።

አስቀድሜ ስለ ትራክተሩ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ የሚገርም ነውና። ቪዲዮው ላይ በብዛት የታየችው ትንሿ ግራጫ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተች ናት። ኤቨረስትን የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በ1958 መጀመሪያ ደቡብ ዋልታ የደረሰው እነዚህኑ ትራክተሮች እየነዳ ነው። በብዛት ስለተሠራች ዛሬም ዋጋዋ መካከለኛ ነው። ጥቂት ብቻ የቀሩት፣ ቀለማቸው ያልተነካና ሰነዳቸው የተሟላ ሌሎች አሮጌ ትራክተሮች ግን ከአዲስ የቤት መኪና በላይ ያወጣሉ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው አባታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው ያንኑ ዓይነት መሪ የጨበጡ ሰዎች ናቸው። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህን ዓይነቱን ገዢ አውቀዋለሁ። ልጅነቱን የሚገዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

በእኛ አገር ትራክተር ገና ለትዝታ አልደረሰም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ አርሲ ላይ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮግራም ሲጀመርና ሜካናይዝድ እርሻ ሲስፋፋ፣ ትራክተር የገዛው ባለመሬት ጭሰኛውን ማስነሳት ጀመረ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ትራክተር በፍቅር የማያስታውሱ አዛውንቶች አሉን። የተረፈው ማሽን ደግሞ ከጋራዥ ወደ ማሳ ይመለሳል እንጂ ለእይታ አይቆምም። መለዋወጫው እስኪያልቅ ይሠራል፤ ሲያልቅም ራሱ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

ላስታ ደግሞ ትራክተሩም የለም። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አንድ ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ዝቅ ማለት ሲጀምር በመስኮት ይመልከቱ። መሬቱ ደረጃ በደረጃ የተቆረሰ ዳቦ ይመስላል። አምባው ጫፍ ላይ ማሳ አለ፤ ከገደሉ ወገብ ላይ ማሳ አለ፤ ከእሱም በታች ሌላ ማሳ አለ። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በአንዳንዱ ማሳ ላይ በሬዎቹ ራሳቸው መዞሪያ ያጣሉ። እንኳን ትራክተር፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጅም አይዞርበት።

እኛ የደረስነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ይወቃ ነበር። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም እላለሁ። በሬዎቹ ነዶው ላይ እየዞሩ ሲያበራዩ፣ ገበሬው በመንሽ ገለባውን ወደ ነፋሱ ሲያነሳ፣ ልጃችን ከዓለት ከተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ባልተናነሰ ቆማ ታይ ነበር። (ለጉዞዎ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው የሚኖር ሰው ደውለው ይጠይቁ። እኛም ሁለት ጊዜ ቀን አራዝመናል።)

ያረፍንበት ሎጅ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ቀንበር ተሰቅሏል። ቀንበር ብቻም አይደለም፤ ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ፣ ወገሉ ሁሉ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ከታች መብራት በርቶለት ተቀምጧል። አዲስ አበባ ባህላዊ ምግብ ቤት የሚያዘወትሩ ከሆነ እንግዳ አይሆንብዎትም። ልጃችን ዋጋውን እንድጠይቅላት ወተወተችኝ። አስተናጋጁ ፈገግ አለ። «እንግዶች ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን አንሸጥም» አለና፣ ሲገዛ አሮጌው ከአዲሱ እንደሚወደድ ነገረን። መሃሉን አሳየን። የበሬው ጫንቃ ያረፈበት ቦታ እንደ እብነ በረድ ለስልሷል። ሰዎች የሚፈልጉት ያንን ነው፤ የዓመታት ላብና ሰበቃ የሠራውን ልስላሴ። እንግሊዞቹ ቀለሙ ያልተነካ ትራክተር እንደሚፈልጉት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ስንወጣ፣ መንገድ ዳር ቀንበር የሚጠርቡ አንድ ገበሬ አገኘን። ሰላምታ ተለዋወጥንና የሎጁን ነገር ባለቤቴ አጫወታቸው። መጥረቢያቸውን አቁመው ሳቁ። «አሮጌውን ወስዳችሁ ብር ከሰጣችሁኝማ ምን ከፋኝ! ወይራው እንደሆን እዚሁ ነው፤ እጄም እንደሆን አልደረቀ» አሉ። ከዚያ ልጃችንን ጠርተው ማነቆው የሚገባበትን ቀዳዳ እንዴት እንደሚለኩት አሳዩዋት። በጣታቸው ነው የሚለኩት።

ይህን መልስ በልብዎ ይያዙት፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ። ቀንበሩ ቢሸጥ ገበሬው የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚጠርበው እጅ አብሮት አለና።

አሸተን ማርያም ላይ ቄሱ መስቀሎቹንና የብራና መጻሕፍቱን አወጡልን። በነጠላ ጠቅልለው አምጥተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፎቶግራፍ እስክናነሳ ታገሱን። ጨርሰው ሲመለሱ ባለቤቴ «ሙዚየም ቢሆን እንዲህ በቅርብ አያሳዩንም ነበር» አለኝ። እውነት ነው። ሙዚየም ስላልሆነም ነው፤ መጽሐፉ ነገ ይነበብበታል።

የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው። ከመኪና ወርደው በእግርዎ ይግቡ፤ ልጆችዎን ይዘው። ማር፣ ገብስ፣ ጨው፣ ፍየል፣ የሸክላ ድስት ያገኛሉ። እኛን ረጅም ጊዜ ያቆመን ግን አንዱ ቀጥቃጭ ነው። ከከባድ መኪና የወለቀ ባሌስትራ ቆርጦ፣ ፍም ውስጥ አግሎ፣ ማረሻ ያወጣበታል። ማረሻው ጫፉ ሲበላ ገበሬው ይዞት ይመጣና ያስተልቀዋል። ልጃችን አንዱን አዲስ ማረሻ አንስታ አላስቀምጥ አለች። ገዛንላት። ለፍሪጅ በር የሚለጠፍ ማስታወሻ ከምትገዛ ይሻላል ብዬ ነው፤ ክብደቱን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ከገበያው ስንወጣ አንድ ወጣት ተከተለን። «እህቴ፣ የቆየ ነገር አለኝ፤ ልይው ካልሽ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከጋቢው ስር በቆዳ ማህደር የተቀመጠ ዳዊት አወጣ። ማንገቻው ተበጥሶ በክር ተቀጥሏል። ገልጦ አሳየኝ፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የወየበ ብራና። የጠራው ዋጋ የአንድ ወር የቤት ኪራያችንን አያህልም።

ለእርስዎ አልደብቅም፤ ፈለግሁት። ሳሎናችን ውስጥ የት እንደማስቀምጠው፣ በላዩ ምን ዓይነት መብራት እንደሚያምርበት በዚያች ደቂቃ አስቤ ጨርሻለሁ። ወጣቱም የሚያሳዝን ነበር። አስጎብኚ ነበርኩ አለ። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያም ሌላው ግጭት እንግዳውን አስቀረው። ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት፤ እንግዳ ሲቀር አስተናጋጁም፣ በቅሎ አከራዩም፣ ጫማ ጠባቂውም አብረው ነው የሚቸገሩት። ይህንን መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰው ሁሉ ይነግርዎታል።

«የማን ነው?» አለው ባለቤቴ።

«የአያቴ ነው ጋሼ።»

ባለቤቴ መጽሐፉን ተቀብሎ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጠ። መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ያህል ተፍቋል። ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ፣ ወደ ብርሃን ሲይዘው ጣቱ ታየ። የብራና መጽሐፍ ባለቤቱን የሚናገረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ይህ መጽሐፍ የእገሌ ደብር ነው፣ የሰጠውም እገሌ ነው ተብሎ ይጻፍበታል። የወጣቱ አያት የራሳቸውን ስም ለምን ይፍቃሉ? ምናልባት ከእሳቸው በፊት የነበረ ባለቤት ይሆናል፤ ምናልባትም ወጣቱ ራሱ አያውቅም። መለስንለት። አልተቆጣም። «እናንተ ባትወስዱት ሌላ ይወስደዋል» ብሎ ወደ ጋቢው መለሰው።

ይህ ቃል ምሳዬን አስቀረኝ። ትክክል ነው ብዬ ስለማስብ ነው። የገበያ ሕግ ነው፤ ፈላጊ እስካለ አቅራቢ ይገኛል። የማይዋጥልኝ ግን ፈላጊዋ እኔ መሆኔ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቅርስ የሚዘርፉት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና ተከራይተን እስከ ጋሸና ሄድን፤ 64 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መንገዱ ሽቅብ ወደ ዋድላ ደጋ ያወጣል፤ ብርዱም አብሮ። ከዚያ ወደ ደቡብ ከዥጣ ወንዝ ገደል ማዶ ደላንታ አለ፤ ከደላንታ በኋላ የበሽሎ ገደል፣ ከበሽሎ ማዶ መቅደላ። ልጆችዎ አፄ ቴዎድሮስን በትምህርት ቤት ተምረው ከሆነ፣ ሴባስቶፖል የተጎተተበትን አገር በጣትዎ እያመለከቱ የሚነግሩበት ቦታ ይህ ነው። እኔ ግን ለልጄ የነገርኳት ሌላ ታሪክ ነው፤ የጨረታ ታሪክ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘረፈ። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻገረ። ሚያዝያ 13 እና 14 ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። መስቀል፣ ጽዋ፣ መጽሐፍ፣ ድንኳን፣ ምንጣፍ ተሸጠ፤ የተገኘው 5,000 ፓውንድም ለወታደሮቹ እንዲከፋፈል ሆነ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ሰብስቧል። ከጨረታው በፊት መንገድ ላይ ካገኘው ወታደር ደግሞ የጳጳሱን ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ገዝቷል። ለሁለቱ የከፈለው አራት ፓውንድ ነው። ዛሬ ሁለቱም ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

«አጫራቹ እንደ ቪዲዮው በፍጥነት ነው የጠራው?» አለችኝ ልጄ። መልስ አልነበረኝም። ግን ቪዲዮው ላይ ካየናቸው ሽማግሌዎች ጋር ሳነጻጽር አንድ ልዩነት ታየኝ። እዚያ ሻጩ የትራክተሩ ባለቤት ነው፤ መነሻ ዋጋውንም እሱ ይወስናል። ደላንታ ላይ ግን ከባለቤቶቹ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩበት። ሰኔ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ ዶርሴት በምትባል ግዛት አንድ የጨረታ ቤት ከመቅደላ የተወሰደ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ አቀረበ። ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ጠይቆ ከጨረታው ወጡ፤ ኋላም ሸሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ወደ አገር ተመለሱ። የካቲት 2016 ደግሞ ኒውካስል ከተማ ላይ ከመቅደላ የተወሰደ ጋሻ እንዲሁ ለጨረታ ቀርቦ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ጥያቄ ሲቀርብ ከሽያጭ ወጣ።

ወደ ላሊበላ እንመለስ። ሰኞ ማለዳ ቤተ መድኃኔ ዓለም ገብተን ቆምን። ከአንድ ድንጋይ ከተፈለፈሉት በዓለም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን እሱ ነው ይባላል፤ ልጆች ዓምዶቹን ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ፣ ይቁጠሩ። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል የሚገኘው እዚህ ነው። ክብደቱ ሰባት ኪሎ ያህል ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ ከነበሩበት ዘመን እንደመጣ ይነገራል። ስሙ እንደሚለው ወደ እሱ የመጣ አፍሮ አይመለስም፤ በሽተኛ ይዳሰስበታል፣ ሕዝብ ይባረክበታል።

በ1989 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መስቀሉ ከዚህ ቤት ተሰረቀ። በኋላ የተገኘው ቤልጂየም ውስጥ፣ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ነው። ሰውየው የገዛሁበት ያለው ዋጋ 25,000 ዶላር ነበር። መስቀሉ የተመለሰውም ያ ገንዘብ ለሰብሳቢው ተከፍሎ፣ ከተሰረቀ ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። እኔ ግን ከዋጋው ጋር እከራከራለሁ። ሰባት ኪሎ መስቀል፣ ስምንት መቶ ዓመት ግድም ዕድሜ፣ 25,000 ዶላር። በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ደህና ያገለገለ መኪና ነው የሚገዛው። ያን ያህል የረከሰው ሻጩ ዋጋውን የሚወስንበት መብት ስላልነበረው ነው። የተሰረቀ ዕቃ ሁልጊዜ ርካሽ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከጋቢው ስር የወጣው ዳዊት ከቤት ኪራያችን ያነሰው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ታዲያ ላስታ ሄደው ባዶ እጅዎን ይመለሱ? በጭራሽ። እንዲያውም ብዙ ይግዙ፤ ከተማዋ ትፈልገዋለች። የእንጨትና የድንጋይ መስቀል የሚቀርጹ፣ ብራና ዳምጠው የሚጽፉና የሚሥሉ፣ ሸማ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሱቁ ውስጥ «አሮጌ ነው» ከሚልዎት ይልቅ «እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚልዎትን ይምረጡ። ሲቀርጽ እንዲያዩት ይጠይቁት፤ ልጆችዎ እንዲሞክሩ ይፈቅድላቸዋል። ከአንዱ ወጣት ቀራጭ የወይራ መስቀል ስንገዛ ከታች በኩል ስሙን እንዲጽፍልን ጠየቅነው። አፍሮ ትንሽ ተሽኮረመመና ጻፈ። ዋጋ ብዙም አልተከራከርኩም፤ ባለቤቴ እስካሁን ይቀልድብኛል።

የቆየ ነገር ካጋጠመዎት ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ ገጹን፣ የመስቀሉን እጀታ ይመልከቱ፤ የተፋቀ ጽሑፍ ካለ ይመልሱ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችዎ «ለስጦታ የሚሆን የድሮ ነገር ላኩልኝ» ቢሉዎት፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል መሆኑን ይንገሯቸው። ቦሌ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ፣ አዲስ የተሠራው ዕቃ ሳይቀር «የመቼ ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ ከተቀበሉ በቦርሳዎ ያኑሩት። ያየሁትን ወጣት ለማንም አልጠቆምኩም፤ ልጠቁም ይገባኝ እንደነበር ከባለቤቴ ጋር እስከ አሁን አልተስማማንም። እሱ መጠቆም ነበረብን ይላል።

የመመለሻችን ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሻንጣ መፈተሻው ጮኸ። ጠባቂዋ ሻንጣችንን ከፈተች። መስቀሉን አየችና ስሙን አንብባ «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ» ብላ መለሰችው። ከዚያ ከልብስ መሃል፣ በልጄ ሹራብ ተጠቅልሎ፣ ማረሻው ወጣ። እንደ ሰይፍ የሾለ ብረት ነውና ወደ ጓዳ ሻንጣ ይዘነው ልንገባ አንችልም፤ በጭነት እንዲሄድ ሆነ።

«ምን ልታርሺበት ነው ቺቺ?» አለቻት ጠባቂዋ እየሳቀች።

ልጃችን ቆጣ ብላ «አባባ ያርሱበት የነበረው ዓይነት ነው» አለቻት።

አሁን የቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በክረምቱ ትንሽ ዝጎ ነበር፤ የወጥ ዘይት ቀባችው።